የእንግዳው እፍኝ

ንፍሮ ብዙ ሙያ አይጠይቅም፤ ስንዴም ይሁን ባቄላ፣ ሽምብራም ይሁን አተር፣ ቤት ያፈራው ይበቃዋል። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ገጠሮች ልጆች ጠጠሩን ሲለቅሙ እናት «ለቆሎ ተማሪው አንድ እፍኝ ጨምሩ» ትላለች። በደብረ ኤልያስና በዲማ ከሩቅ አገር መጥቶ ቅኔ የቆጠረ ተማሪ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የኖረው በእንዲህ ያለች እፍኝ ነው። ታዲያ ልጅ ታዞ የሰጠው ስጦታ ይባላልን?

ጎተራ በሚጎድልበት ክረምት ጭማሪ እህል የለም፤ ያው ንፍሮ ለእንግዳው ጭምር ይከፈላል። ትእዛዙ የእናት ነው፤ የሚጎድለው ግን ከልጁም ድርሻ ነው። ይህን እያወቀ፣ ማንም ሳያዘው እፍኟን የጨመረ ዕለት ስጦታው የራሱ ይሆናል። እኛ ከተሜዎች ልጆቻችንን የምናስለምደው ከጠገብን በኋላ የተረፈውን መስጠት ነው። ድስቱ ሳይጣድ እንግዳውን መቁጠር ከማን ይማሩ?