የአዳም የመጀመሪያ ሥራ

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሐምሌ ወር፣ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ከከተማው ዳር ወዳለ አንድ ኮረብታ ወጣን። ስልሳ ችግኝ ይዘናል፤ ጽድ፣ ወይራና ግራቪሊያ። ካፊያ ነበር። ጸለይን፣ ዘመርን፣ ተከልን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ዳቦና ሻይ ቀምሰን ጭቃችንን እያራገፍን ተመለስን። በቀጣዩ እሑድ መድረክ ላይ ወጥቼ ስለ ቀኑ ምስክርነት የሰጠሁት እኔ ነኝ።

በየካቲት ለለቅሶ ወደዚያ ሰፈር ሄጄ፣ እግረ መንገዴን ኮረብታውን ልየው ብዬ ወጣሁ። ጉድጓዶቹ አሉ። ከአንዳንዱ ደረቅ ግንድ ሥር ችግኙ የመጣበት ጥቁር ፕላስቲክ ብቅ ብሏል፤ ለካ ከነፕላስቲኩ ነበር የቀበርነው። የቀረውን ፀሐይና ፍየል ተካፍለውታል። ከኮረብታው ሥር ያለውን መጋዘን የሚጠብቁ አንድ አባት ቆሜ ሲያዩኝ ቀረቡና፣ «እናንተ ናችሁ እንዴ የተከላችሁት?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ታዲያ ለማን አደራ ብላችሁ ሄዳችሁ? ብትነግሩኝ እኮ ውኃ ጠብ አደርግለት ነበር።»

በሰኔ የዓመቱን ሪፖርት የምጽፈው እኔ ነበርኩ። «60 ችግኞች ተተክለዋል» ብዬ ጻፍኩ። ተተክለዋል፤ ውሸት የለውም። ግን ያንን መስመር ስጽፍ የሰውየው ፊት ከፊቴ አልጠፋም። ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፦ ተክሎ መሄድ መልካም ሥራ ነው ወይ?

ዘፍጥረት ምዕራፍ 2ን ደጋግሜ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ቁጥር 8 ላይ ገነትን የተከለው እግዚአብሔር ራሱ ነው። ሰው ገና ቁፋሮ አልጀመረም። ቁጥር 15 ላይ ሲደርስ ለአዳም የተሰጠው ሥራ ማበጀትና መጠበቅ ነው። ተከላው አልቆ ነበር፤ ለሰው የቀረው ጥበቃው ነበር። እኛ ደግሞ የእግዚአብሔርን ድርሻ ወስደን የራሳችንን ጥለን ከኮረብታው ወረድን።

«መጠበቅ» ለሚለው የዕብራይስጡ ቃል ሻማር ነው። ይኸው ቃል በዘፍጥረት 4፥9 ቃየን ስለ ወንድሙ ሲጠየቅ በሰጠው መልስ ውስጥ አለ፤ የወንድሙ ጠባቂ መሆኑን የካደበት ቃል ነው። በዘኍልቍ 6፥24 ደግሞ ካህናቱ ሕዝቡን ሲባርኩ እግዚአብሔር እንዲጠብቃቸው የሚለምኑበት ቃል ነው። ለአፈር፣ ለወንድም፣ ለእኛም አንድ ቃል። በእኛ ከተማ «ጥበቃ» የምንለው በር ላይ ጋቢ ለብሶ የሚያድረውን፣ ደመወዙ አነስተኛ የሆነውን ሰው ነው። የአዳም የሥራ መደብ እሱ ነበር።

አንድ የመዘምራን ወንድማችን ይህን ሳጫውተው፣ «ምድር በእሳት ታልፋለች እኮ፣ ምን አደከመህ?» አለኝ። የጠቀሰው ሁለተኛ ጴጥሮስ 3፥10ን ነው። ጥያቄው ቀልድ አይደለም፤ ብዙዎቻችን ሳንናገረው በልባችን የያዝነው ነው። ነገር ግን ሥጋችንም ያልፋል፤ ሆኖም ሲታመም እናሳክመዋለን፣ የእናታችንን እግር እናጥባለን። ደግሞም ጴጥሮስ እዚያ ላይ አያቆምም። ወዲያው በቁጥር 11 ይህ ሁሉ የሚያልፍ ከሆነ እናንተ እንዴት ያለ ኑሮ ልትኖሩ ይገባል ብሎ ይጠይቃል። ማለፉን ለስንፍና ምክንያት አላደረገውም።

ጥበቃ ምን እንደሚመስል ለማየት ከራሳችን አጥር ወጣ ማለት ሳይኖርብን አይቀርም። በደቡብ ጎንደርና በጎጃም፣ እርሻና ግጦሽ ብቻ በቀረበት ሜዳ መካከል፣ በኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የአገር በቀል ዛፎች ደን ለዘመናት ተጠብቆ ኖሯል። እነዚህን ደኖች ካጠኑት አንዱ የደን ባለሙያው ዶ/ር አለማየሁ ዋሴ ናቸው፤ «እመጓ»ን ያነበባችሁ በደራሲነታቸው ታውቋቸዋላችሁ። ከብት እየገባ ቡቃያውን እየረገጠ ስላስቸገረ፣ ከተወሰዱት መፍትሔዎች አንዱ ገበሬው ከማሳው የሚለቅመውን ድንጋይ ተጠቅሞ በደኑ ዙሪያ ካብ መካብ ነበር። ድንጋዩ ከማሳው ይነሣል፣ ደኑም ይታጠራል። የእኛን ቅጥር ግቢ ሳስበው ሲሚንቶና የመኪና ማቆሚያ ነው የሚታየኝ። አንድ ጥግ ላይ አንድ ባሕር ዛፍ ነበረችን፤ ድምፅ ማጉያ ስታስጠጋጋ ተቆረጠች።

አገራችንም ብትሆን ቁጥር ትወዳለች። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር ሁላችንም ሰምተናል። «ስንቱ ጸደቀ?» የሚለውን ጥያቄ ግን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው። (አማርኛችን ለችግኝም ለኃጢአተኛም «ጸደቀ» ማለቱ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።)

ስለ ራሴም ልናገር። ባለፈው ክረምት ሰባት ብቻ ተከልን፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፤ ለእያንዳንዱ ስም ያለው ጠባቂ መደብን። የእኔ ቀን ማክሰኞ ነው። ከሥራ ስወጣ ታክሲ ትቼ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ስልኬን ቦርሳ ውስጥ እከታለሁ፣ የአትክልት ማጠቢያ ውኃ ከወጥ ቤት በባልዲ ተቀብዬ አጠጣለሁ። ነፋስ ያመጣውን ፌስታል ከሥሩ እለቅማለሁ። ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ማክሰኞ ማታ እንቅልፌ ከሌሎቹ ቀናት ይሻላል፤ ሐሳብም ይቀለኛል። የጨነቀው ሰው ሐኪም አያስፈልገውም ማለቴ አይደለም፤ የእኔን ነው የማወራው።

መጀመሪያ ይህ አሳፍሮኝ ነበር። ለእግዚአብሔር ብዬ የጀመርኩትን ለራሴ ደስታ እያደረግሁት መሰለኝ። ከዚያ ዘዳግም 22፥6-7ን አገኘሁ። መንገድ ላይ የወፍ ጎጆ ብታገኝ እናቲቱን ከጫጩቶቹ ጋር አትውሰድ፣ ልቀቃት ይላል፤ የሚሰጠው ተስፋም መልካም እንዲሆንልህና ዕድሜህ እንዲረዝም ነው። ይህ እኮ በዘዳግም 5፥16 አባትና እናትን ለማክበር የተሰጠው ተስፋ ነው። ለወፍ ጎጆ! እግዚአብሔር የወፏንና የእኛን ደኅንነት በአንድ ትእዛዝ ካሰረ፣ እኔ ልለያያቸው የምታገለው ለምንድን ነው?

ከሰባቱ ሁለቱ ደርቀዋል፤ አንዱ በእኔ ቸልተኝነት ነው፤ ለኮንፈረንስ ሄጄ ሁለት ማክሰኞ ለማንም ሳልናገር ቀረሁ። በዘንድሮው ሪፖርት ላይ «7 ተተክለዋል፣ 5 አሉ» ብዬ ጻፍኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አንብቦ፣ «ወንድሜ፣ ቁጥሩ አነሰብን፤ የዛሬ ሦስት ዓመቱን ብንጨምርበትስ?» አለኝ። ስለ ኮረብታው ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የነገርኩት።