የሚጠየቀው ማን ነው?

በምሥራቅ ጎጃም፥ በቢቸናና በሞጣ አገር፥ የቅኔ ተማሪ ቅኔውን የሚቈጥረው ብቻውን ተቀምጦ ነው፤ መምህሩም ሰምቶ ያርመዋል እንጂ ቈጥሮ አይሰጠውም። በ2015 ዓ.ም. ለሕዝብ የተገለጠው ቻትጂፒቲ ግን ለዕቃ ነዳፊው በአንድ ጥያቄ ብዙ አሳብ ይደረድርለታል። ታዲያ ይህ መሣሪያ አራሚ ነውን ወይስ ምትክ? ከብዙ ጽሑፍ የተማረውን ቃል ይገጣጥማል እንጂ፥ እንስራው የከበዳትን ውሃ ቀጂ አላየም፤ አንዳንድ ጊዜም ሐሰቱን እንደ እውነት አሳምሮ ይናገራል። ስለዚህ ነዳፊው አስቀድሞ ተገልጋዩን ይመልከት፤ የራሱንም አሳብ ይቍጠር፤ ከዚያ በኋላ «ጕድለቱ ምንድር ነው?» ብሎ መሣሪያውን ይጠይቅ። እንዲህ ቢያደርግ አራሚ ያገኛል፤ ሳያስብ ቢጠይቅ ግን የባልንጀራውን ቅኔ ተቀብሎ እንደሚያሰማ ተማሪ ይሆናል። መሣሪያው ሁልጊዜ ይጠየቃል፥ ይመልስማል፤ ዕቃው ሰውን የጐዳ ዕለት ግን የሚጠየቀው ነዳፊው ነው።