ባሕሩን የማያየው ነጂ

የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ የታላቁን ውቅያኖስ መንገድ ለማየት ከተስማማን ወዲህ፣ በየሳምንቱ የምንነጋገረው ስለ ስንቅ፣ ስለ መኪና ኪራይና ስለ መነሻ ሰዓት ሆኗል። ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም ዕቅዱን ስናወጣ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ብዙ አከራክሮናልና፣ ውድ አንባብያን፣ ለእናንተም ልናካፍላችሁ ወደድን። ጥያቄው ይህ ነው፦ ሰው በሌላው ድካም ባገኘው ውበት ሲደሰት፣ ለደከመው ሰው ምን ዕዳ አለበት?

በቅርቡ ወደ ሜልበርን ለመጡት አባሎቻችን ስለ መንገዱ ጥቂት እንበል። ከከተማችን በስተ ደቡብ ምዕራብ ቶርኪ ከምትባለው ከተማ ተነሥቶ፣ ዋርናምቡል አጠገብ እስካለችው እስከ አላንስፎርድ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ብዙው ክፍል በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን ባሕር ነው። ሎርንንና አፖሎ ቤይን አልፎ በኦትዌይ ጫካ ውስጥ ከተጓዘ በኋላ፣ ማዕበል ከየብስ ቆርጦ ያስቀራቸው የኖራ ድንጋይ ዓምዶች ከውኃው መካከል ቆመው ይታያሉ። ስማቸው «ዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት» ነው። ስሙ የሰንበት ተማሪን ጆሮ መሳቡ አይቀርም፤ ነገር ግን ቀድሞ «እናት ዐሣማና ግልገሎቿ» ይባሉ እንደ ነበር ስንሰማ ብዙዎቻችን ሥቀናል። ቁጥራቸውም ዐሥራ ሁለት አልነበረም። ዘጠኝ የነበሩት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2005 አንዱ ተንዶ ስምንት ቀርተዋል።

ከዓምዶቹ ይልቅ እኛን ያነጋገረን ግን የመንገዱ አሠራር ነው። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1919 ሲሆን፣ የሠሩትም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ 3,000 የሚያህሉ ወታደሮች ናቸው። በዚያ ጦርነት 60,000 የሚያህሉ አውስትራሊያውያን ሞተዋል፤ መንገዱ ለእነርሱ መታሰቢያ እንዲሆን ታሰበ። እንግዲህ በሕይወት የተረፉት ለሞቱት ጓደኞቻቸው ሐውልት ሲሠሩ፣ ሐውልቱ የሚኬድበት መንገድ ሆነ ማለት ነው። ሰዎቹ በድንኳን እያደሩ፣ በዶማ፣ በአካፋ፣ በእጅ ጋሪና በፈንጂ ገደሉን ፈለፈሉት። የቀን ደመወዛቸው 10 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ነበር። በሥራው ላይ የሞቱም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1924 አንዲት መርከብ በዚያ ዳርቻ ከመሬት ተጋጭታ ሸክሟን ለማቅለል 500 በርሜል ቢራ ወደ ባሕር በመጣሏ፣ ሠራተኞቹ ሁለት ሳምንት ሥራ ፈትተው እንደ ሰነበቱ ይተረካል። ይህን በሰንበት ትምህርት ቤት ጽሑፍ ላይ ማንሣታችን ቅር የሚለው አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ እኛ ግን ያንን ሁሉ ድንጋይ ካሰብን በኋላ ልንፈርድባቸው አልቻልንም።

ለመንገዱ ብዙ የደከሙት የጂሎንግ ከተማ ከንቲባ የነበሩት ሆዋርድ ሂችኮክ ናቸው። ገንዘብ አሰባሰቡ፤ ከራሳቸውም 3,000 ፓውንድ ሰጡ። መንገዱ ተፈጽሞ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1932 ሲሆን፣ እርሳቸው ግን በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ዐርፈው ነበር። በምረቃው ሰልፍ ላይ መኪናቸው ከአገረ ገዥው መኪና በስተኋላ እንዲሄድ ተደረገ። ይህን ካነበብን በኋላ ለጥቂት ጊዜ ስለ ስንቅ ማውራት አልቻልንም።

ከመካከላችን አንዳንዶች እንዲህ አሉ፦ «እንዲህ ባለ መታሰቢያ ላይ እየዘፈኑና ፎቶግራፍ እየተነሡ መሄድ ነውር አይሆንምን?» ለዚህ መልስ ማግኘት አላስቸገረንም። መንገዱ ገና ሲታሰብ ሥራ ላጡት ተመላሽ ወታደሮች እንጀራ፣ በየብስ መንገድ ላልነበራቸው መንደሮች መገናኛ፣ ለሚመጣውም ትውልድ መደሰቻ እንዲሆን ነበር። ስለዚህ ደስ ብሎት የሚሄድበት ሰው የሠሪዎቹን አሳብ ይፈጽማል እንጂ አያፈርስም። ዕዳው ከመንገዱ ይልቅ ወደ ኋላ እንደሚሄድ ግን መርሳት አይገባም፤ ዶማው ሳይደርስ በፊት ያ ዳርቻ የዋዳውሩንግና የኢስተርን ማር ሕዝቦች አገር ነበር፤ ዛሬም ነው።

የከበደን ሌላ ነገር ነው። ነገሩም በራሳችን ዕቅድ ውስጥ ነበር።

የምንከራየው ነጂውን ጨምሮ ዐሥራ ሁለት ሰው የሚይዝ ሚኒባስ ነው። (ቁጥሩ ከዓምዶቹ ስም ጋር የገጠመው ሳይታሰብ ነው።) በመጀመሪያው ዕቅድ መሠረት ከጧቱ በ12 ሰዓት ተነሥተን፣ በባሕሩ ዳር ሄደን፣ ያሉትን ማቆሚያዎች ሁሉ አይተን፣ በኮላክ በኩል በዚያው ሌሊት እንመለሳለን። መሪው ላይ ብቻ ከስምንት ሰዓት የማያንስ ይጠፋል። ነጂው አንድ ወንድማችን ነው። እርሱም ዓርብ ሌሊት ታክሲ ሲነዳ አድሮ ቅዳሜ ጧት እኛን ሊነዳ በፈቃዱ ተነሣ።

አሁን ይህን ሰው እንመልከት። በዚህ አገር መኪና በግራ ይሄዳል፤ ከቶርኪ ወደ ምዕራብ ስንጓዝ ባሕሩ በግራችን ነው፤ መሪው ያለው ግን በቀኝ ነው። ዐሥራ አንዱ ሰው ባሕሩን ሲያደንቅ፣ አንዱ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያየው የአስፋልቱን መስመርና የሚቀጥለውን ጥምዝ ነው። «እዩ! እዩ!» ባልን ቁጥር እርሱ ማየት አይገባውም። ቢያይ ለሁላችንም ጥፋት ነው። እኛ የምናየው እርሱ ባለማየቱ ነው።

ለትልልቅ አውቶቡስ ነጂዎች ሕግ አለ። በመደበኛው ደንብ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 ሰዓት በላይ መሥራት አይፈቀድም፤ በየመካከሉም ማረፍ ግዴታ ነው። በተራ መንጃ ፈቃድ የሚነዳው የእኛ ሚኒባስ ግን በዚያ ሕግ ውስጥ አይገባም። ተቆጣጣሪ የለም ማለት ነው። ሕግ ያልደረሰበትን ስፍራ የሚጠብቀው ኅሊና ብቻ ነው፤ ኅሊና ደግሞ ሽርሽር ሲያምረው እንቅልፍ ይወዳል።

«እርሱ ራሱ ፈቅዷል፤ ያገለግል እንጂ» ያሉ ነበሩ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። በፍቅር የቀረበን አገልግሎት አልቀበልም ማለት አገልጋዩን ማሳዘን ነው። ይሁን እንጂ የአንድ ሰው ፈቃድ የእርሱን ቸርነት ያሳያል እንጂ የእኛን ፍትሕ አያሳይም። እሺ ባይ ሰው በየማኅበሩ ይታወቃል፤ ስለሚታወቅም ሸክም ሁሉ ወደ እርሱ ይሄዳል። ወላጆቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። መሪ ግን ሎሚ አይደለም፤ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ሰው ነው። ሊከፈል የሚችለው ጊዜው ነው።

የመንገዱ ሠሪዎችና የእኛ ነጂ የሚለያዩትም እዚህ ላይ ይመስለናል። የሠሪዎቹ ድካም አልፏል። ብናመሰግናቸው፣ ኢስተርን ቪው ላይ ባለው የመታሰቢያ ቅስት ሥር ቆመን ብናስባቸው እንጂ፣ ከዶማቸው አንዲት ምት ልናነሣላቸው አንችልም። የነጂው ድካም ግን ገና አልመጣም። ዛሬ በወረቀት ላይ ያለ ነው፤ በእርሳስ ሊቀነስ ይችላል። የሞተውን ሠራተኛ እያወደሰ በሕይወት ያለውን የሚያደክም ሰው፣ ምስጋናው ምን ዓይነት ምስጋና ነው?

ስለዚህ ዕቅዱ ተለወጠ። ለንደን ብሪጅና ሎክ አርድ ከዝርዝሩ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1990 የለንደን ብሪጅ የድንጋይ ድልድይ ሲናድ ሁለት ጎብኚዎች በባሕር መካከል ቀርተው በሄሊኮፕተር መውጣታቸውን አንብበው ቦታውን ለማየት የጓጉ አባላት ነበሩና ቅር ብሏቸዋል። ወንድማችን እስከ አፖሎ ቤይ ብቻ ይነዳል፤ ከዚያ ወዲያ በግራ በኩል በመስኮት አጠገብ ይቀመጣል። ቀኑም እርሱ ተኝቶ እንዲነሣ ከቅዳሜ ወደ ሰኞ ተዛወረ።

በዚህ የመጨረሻው ለውጥ ግን አዲስ ችግር መጣ። በአረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩ ሁለት እኅቶቻችን ሰኞ ፈቃድ አያገኙም። ለአንዱ ያሰብነው ዕረፍት ለሁለቱ መቅረት ሆነ። ቅዳሜ ይሁን የሚሉ፣ ሌላ ሳምንት ይፈለግ የሚሉ፣ እንግዲህ የቀረ ይቅር የሚሉም አሉ። ይህን የመጨረሻውን አሳብ አንቀበለውም፤ የተሻለ ግን ገና አላገኘንም። ጉዳዩ በሚመጣው እሑድ ከመዝሙር ጥናት በኋላ ይታያል። ከአፖሎ ቤይ ወዲያ ሊነዳ የሚችል፣ መንጃ ፈቃድ ያለው አባል ቢኖር ከዚያ በፊት ለጸሐፊው ይንገር።