ፍርሃት ያልጣለውን ውለታ ሲጥለው

ሰውን ከእውነት የሚለየው ፍርሃት ብቻ ነው ብሎ ማሰብ የተለመደ ነገር ነው። ነገር ግን ቫሲሊ ግሮስማን የተባለው የሶቪየት ደራሲ የጻፈውን «ሕይወትና ዕጣ» የሚባለውን ልብ ወለድ ያነበብን እንደ ሆነ፣ ከዚህ የሚረቅ ሌላ ፈተና መኖሩን እንረዳለን።

መጽሐፉ በስታሊን ዘመን የነበረውን የሶቪየት ኅብረት ኑሮና የስታሊንግራድን ጦርነት የሚተርክ ነው። በውስጡ ቪክቶር ሽትሩም የሚባል የፊዚክስ ሊቅ አለ። ባልደረቦቹ በአሳቡ ነቅፈው በከሰሱት ጊዜ፣ በጉባኤ ቆሞ ጥፋቱን እንዲናዘዝ ቢጠበቅበት ሳይሄድ ቀረ። ወዳጆቹ ሸሹት፤ እርሱም መታሰሩን እየጠበቀ በቤቱ ተቀመጠ፤ ሆኖም ልቡ ያን ጊዜ ነጻ ነበረ።

ከዚህ በኋላ አንድ ቀን ስታሊን ራሱ በስልክ ጠርቶ ሥራው እንዲቃናለት ተመኘለት። ወዲያውም የሸሹት ሁሉ ተመልሰው አከበሩት። ጥቂት ቆይቶ ግን፣ በግፍ የተፈረደባቸውን ሐኪሞች ጥፋተኞች የሚያደርግ ደብዳቤ በትሕትና አቀረቡለት። ውሸት መሆኑን እያወቀ ፈረመ።

ዛቻ ያላንበረከከውን ሰው ምን አንበረከከው? በመከራው ጊዜ የሚያጣው ነገር አልቀረውም ነበር፤ አሁን ግን አለው። ሲዝቱበት ጠላቱን ለይቶ ያውቅ ነበር፤ በፈገግታ ሲለምኑት ይሉኝታ ያዘው። የጎረሰ አፍ እምቢ ለማለት ይቸገራልና።

ደራሲው ይህን የጻፈው በሌላው ለመፍረድ እንዳይመስለን። በ1953 እ.ኤ.አ. ሐኪሞች በሐሰት በተከሰሱ ጊዜ እርሱም በአንድ ደብዳቤ ላይ ፈርሞ ነበር። ታላቁን መጽሐፍ የፈጸመው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1961 የጸጥታ ሹማምንት ጽሑፉን ከካርቦን ወረቀቱና ከጽሕፈት መኪናው ጥብጣብ ጋር ወሰዱበት፤ በ1964 ሳይታተምለት ሞተ። ወዳጆቹ ሸሽገው ያቆዩት ቅጂ በ1980 በስዊስ አገር፣ በ1988 በሶቪየት ኅብረት ታተመ።

እንግዲህ አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው ዳግመኛ የእውነት ሰው ሊሆን ይችላልን? ይችላል እንላለን፤ ይኸውም ውድቀቱን ብልኀት ወይም ግዴታ ብሎ ስሙን ካልለወጠው ነው። ሽትሩም ኀፍረቱን አልካደም፤ ግሮስማንም ኀፍረቱን ወደ ሥራ ለወጠው። እኛም ብዕር የያዝን ሁሉ፣ ፈተናችንን በወኅኒ ደጅ ብቻ አንጠብቀው፤ በተመቸ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሳለን፣ በደግ ቃል ታጅቦ ሊቀርብልን ይችላልና።