ቤት የእግዚአብሔር ነው

ንባብ፦ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ።» «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ።»

ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ቆላ በእግሩ የሚወርድ መንገደኛ ጀምበር ስትጠልቅበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ የሚለውና የሚባለው ይህ ነው።

ቤት የእግዚአብሔር ነው አለ። ምነው፣ ድንጋዩን የካበው፣ ምሰሶውን ያቆመው ባለቤቱ ራሱ አይደለምን ቢሉ፤ እንግዳው ውለታ እንዳይከብደው። የእኔ ነው ቢል እንግዳው ባለዕዳ ይሆን ነበር፤ የእግዚአብሔር ነው ካለ ግን ሁለቱም እንግዶች ናቸው። ስለዚህ ጠዋት ብር ቢያወጡለት ይከፋዋል፤ ምርቃት ግን ቆሞ ይቀበላል።

አንድም፤ የአብርሃምን ድንኳን አስቦ። ታሪክ፦ አብርሃም ያለ እንግዳ እህል አይቀምስም ነበርና ሰይጣን ቀናበት። ራሱን እንደ ተፈነከተ ሰው ጠምጥሞ ከመንገድ ተቀመጠ፤ አላፊውን ሁሉ «አብርሃም የዱሮው አይደለም፤ ደብድቦ አባረረኝ» እያለ መለሰ። አብርሃም ሦስት ቀን ጾሙን ዋለ፤ በሦስተኛው ሥላሴ በእንግዳ አምሳል መጡለት። እንግዲህ በር ላይ የቆመው ማን እንደሆነ አይታወቅምና ሳይጠየቅ ይገባል።

አንድም፤ ስለ አገሩ ጠባይ። ሰቆጣ ያለችበት ዋግ ገደሉ ብዙ፣ ዝናቡ ጥቂት ነው፤ ዛሬ ያሳደረ ነገ ያድራል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ልጁን አዝሎ እርዳታ ፍለጋ ወደ ኮረም ሲጓዝ የመሸበት ራሱ የዋግ ሰው ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ግን አይበቃም። ዳግመኛ በዚያ መንገድ የማያልፈውን ሩቅ አገር ሰውም ያሳድራሉና ነገሩ ብድር ብቻ አይደለም።

አንድም፤ ከቃሉ ቀጥሎ የሚሆነውን አይቶ። ሞቅ ያለ ውሃ በገበቴ ይቀርባል። የቤቱ ልጅ በርከክ ብሎ ያጥባል፤ ጭቃውን ከጣት ጣት መካከል ያወጣል፤ እሾህ ካገኘ እናቱ መርፌ ይዛ ወደ እሳቱ ብርሃን ታስጠጋዋለች። ተረከዙ የተሰነጠቀ ሰው ምን ያህል እንደተጓዘ ሳይጠየቅ ይታወቃል። ጠላው ሲመጣም ባለቤቲቱ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀድማ ትቀምሳለች፤ እንግዳ በሰው ቤት ስጋት እንዳይገባው። ከየት መጡ የሚባለው ከበላ በኋላ ነው። አሳዳሪው ኽምጣና፣ እንግዳው አማርኛ ወይም ትግርኛ ብቻ ቢያውቅ እንኳ እስከዚያ ድረስ አስተርጓሚ አያሻም። እኔ ከሁሉ ይህን ፍቺ እወዳለሁ፤ ደግነቱ በቃሉ ሳይሆን በእጅ የሚገኝ ነውና።

አንድም፤ ባለቤቱ እህል እያጣ የተናገረው ነው። ሰቆጣ በዓለም ስሟ የተጠራው በረሃብ ነው፤ መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማጥፋት በ2007 ዓ.ም. የገባውን ቃል ኪዳን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎታል። ይህቺው ከተማ በሰሜኑ ጦርነት ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለውን ተቀበለች። መጠለያ የገባ አለ፤ ዘመድም ባዳም ቤት የተጠጋ አለ። አንድ ሌሊት የሚያድር እንግዳ ወራት ሲከርም፣ የተቀባዩ ጎታ ከእንግዳው ጋር አብሮ ይጎድላል።

ሐተታ፦ ቤት የእግዚአብሔር ነው ቢባልም ማሽላው የባለቤቱ ነው። ያረሰው፣ ያጨደው፣ ለልጆቹ ያስቀመጠው እርሱ ነው። ቃሉን የትሕትና እንጂ የጥጋብ ቃል አድርገን እንዳንሰማው።

ስለዚህ ለዋግ እህል የምትሰፍሩ ሁሉ፣ ተፈናቃዩን ስትመዘግቡ ያስጠጋውንም ቤተሰብ መዝግቡ።