ጋኑና ጀበናዎቹ

ጥር ገብቶ ሠርግ በየመንደሩ ሲበዛ፣ ወለቃ ውስጥ ለምትኖር አንዲት ሸክላ ሠሪ ትእዛዝ መጣላት። ልጁን የሚድር አንድ አባወራ የጠላ ጋን ፈለገ፤ ከጎንደር የመጣች ባለሱቅ ደግሞ ስድስት ጀበና አዘዘች። ሸክላ ሠሪዋ እጇ የፈጠነ፣ ሥራ የማይከብዳት አንዲት ልጅ ነበረቻት። ሁለቱ አፈሩን ወቅጠው፣ ነፍተው፣ ከተፈጨ ገል ጋር ለውሰው አሹት።

ጋን በአንድ ቁጭታ አይወጣም። መጀመሪያ ታቹ ይሠራና ጠንከር እስኪል ይጠበቃል፤ ከዚያ ሆዱ፣ ቀጥሎ አንገቱ ይጨመርበታል። ልጅቱ ግን ታቹ ገና እርጥብ ሳለ ሆዱን ጫነችበት፤ ዘመመና ተቀመጠ። እንደገና ሠራችው። በዚህኛው ጊዜ ፈርታ ለረጅም ጊዜ ተወችው። ስትመለስ ታቹ ድርቅ ብሏል፤ የጨመረችበት አዲስ ጭቃ አልያዘ ብሎ መገጣጠሚያው ላይ ተሰነጠቀ።

እናት ሁለቱንም አየች። "እርጥበቱ ሳይለቅ ከጫንሽበት አይሸከምልሽም፤ ደርቆ ካለቀ በኋላ ከመጣሽም አይቀበልሽም። አውራ ጣትሽን ጫን አድርጊበት፤ ምልክት ከያዘልሽና ካልሰመጠ ያን ጊዜ ቀጥዪ" አለቻት።

በሦስተኛው ጋኑ ወጣ። አንገቱ የተበጀው ጀበናዎቹ ባለቁበት ዕለት ነበር። ሁሉንም በለስላሳ ጠጠር ዳምጠው ጥላ ውስጥ አሰለፏቸው።

በመሀል እናት ወደ ሌላ መንደር ለቅሶ ልትደርስ ተነሣች። ስትወጣ ለልጇ፣ "ጀበናዎቹ ከደረሱ ማቃጠል ትችያለሽ። ጋኑን ግን እኔ እስክመጣ እንዳትነኪው" ብላ አስጠነቀቀቻት።

ልጅቱ ሁለት ቀን ጠበቀች። ጀበናዎቹ ነጣ ነጣ አሉ። ጋኑም ነጣ። በጣቷ ብታንኳኳው ጥሩ ድምፅ ሰጣት። የሠርጉ ቀን ቀርቧል፤ አባወራው በየማለዳው እየመጣ "እንዴት ሆነ?" ይላል። ጋኑ እንደ ሥራ ፈት ጥላ ውስጥ መቀመጡ አናደዳት። በመጨረሻ ኩበቱን ደረደረች፤ ጋኑን ከመሀል፣ ጀበናዎቹን በዙሪያው አድርጋ እንጨትና ጭድ ከመረችበትና ለኮሰች።

ብዙም አልቆየ። እሳቱ ገና መግባቱ ነበር፣ የጋኑ ሆድ ፈነዳ። ገሉ ተስፈንጥሮ ከጀበናዎቹ አራቱን ሰበራቸው።

እናት ስትመለስ ልጇ አመዱ አጠገብ ተቀምጣ አገኘቻት። አልተቆጣችም። ከአመዱ ውስጥ የጋኑን ሆድ ገልና የጀበና አንገት ገል አንሥታ ጎን ለጎን ያዘቻቸው።

"እማዬ፣ በአንድ ቀን ነው እኮ ያለቁት!" አለች ልጅቱ።

"በአንድ ቀን አልቀዋል። በአንድ ቀን ግን አይደርቁም። ይኸውልሽ፣ የጀበናው ገላ ስስ ነው፤ የጋኑ አውራ ጣት ያክላል። ላዩ ሲነጣ አይተሽ ደርቋል አልሽ፤ ውስጡ ግን ውሃ ነበረበት። ውሃው እሳት ሲያገኝ ተንፍሶ መውጫ ፈለገ፤ ስላጣ በርግዶት ወጣ።"

"ታዲያ ውስጡን በምን አውቀዋለሁ?"

"በጉንጭሽ። በማለዳ ጉንጭሽን አስጠጊው። ከቀዘቀዘሽ ውሃ አለው። ዓይን ይሸወዳል፤ ጉንጭ አይሸወድም።"

ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ቆየችና፣ "ጀበናው ይሻላል በይኛ። ቶሎ ይደርሳል" አለች።

"ጀበና የሚይዘው የአምስት ሰው ቡና ነው፤ ጋን የሠርግ ቤት ያጠጣል። ገላው የወፈረው ለዚያ ነው። ሳስቶ ቢሠራ ቶሎ ይደርቅ ነበር፤ ጠላ ግን አይችልም።"

አባወራው ሲመጣ እናት ወጥታ፣ "ለሠርጉ ከጎረቤት ይዋሱ፣ የእርስዎ ለመልሱ ይደርሳል" አለችው። ቅር ብሎት ሄደ። እናትና ልጅ ገሉን ሰብስበው ፈጩትና ከአዲሱ አፈር ጋር ለወሱት። አዲሱ ጋን ወጥቶ ጥላ ውስጥ ገባ፤ አንገቱ ከሆዱ ቀድሞ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ እርጥብ ጨርቅ ጣል ተደረገበት። ልጅቱ በየማለዳው ጉንጯን ታስጠጋለች። ይቀዘቅዛል። ነገም ይቀዘቅዛል።

"ምንም ሳንሠራ ቀኑ አለፈ" አለች አንድ ማለዳ።

"እኛ አልሠራንም፤ እሱ ግን እየሠራ ነው። ሲደርቅ ነው የሚጠጥረው። እጃችን ላይ እያለ ማን ጠነከረ ይለዋል?"

ጉንጯ ያልቀዘቀዘበት ማለዳ ላይ እንኳ እናት ወዲያው አላስለኮሰቻትም። ጋኑ መጀመሪያ እሳት ዳር ተቀምጦ፣ ዙሪያውን እየተዟዟረ ሲሞቅ አረፈደ። ከዚያ ኩበቱ ተከመረበት። በማግስቱ ከአመድ ሲወጣ ሆዱን ብትመታው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ።

ይህን ምሳሌ የምነግረው በአርባና በሃምሳ ዓመታቸው ማራቶን ለመሮጥ ለተነሡ ሰዎች ነው። መምህር፣ ነጋዴ፣ ሾፌር፣ ነርስ የሆኑ፣ ማለዳ ከጎንደር ወደ ወለቃ የሚያወጣውን መንገድ የሚሮጡ፣ ከዚያ ሥራ ገብተው የሚውሉ፣ ማታ ልጅ የሚያስጠኑ፣ ቅዳሜ ለቅሶ የሚደርሱ። ድካማቸውን እንደ ነውር ይዘውታል። ሃያ አምስት ዓመት የሞላው የሠፈር ልጅ ማክሰኞ ፈጥኖ ሮጦ ሐሙስ ሲደግመው ያያሉና እነሱም ሐሙስ ይወጣሉ። ሁለቱም ማክሰኞ እኩል ሮጠዋል፤ ሐሙስ ላይ ግን እኩል አልደረቁም።

ልምምድ ራሱ ሰውነትን አያጠነክርም፤ ያደክመዋል፣ ጡንቻንም በጥቂቱ ይጎዳል። ጥንካሬው የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ በምግብና በእንቅልፍ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ጥገና ይዘገያል፤ ጡንቻ ከበላነው ፕሮቲን ራሱን የሚገነባበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ እንቅልፍ ይሳሳል፤ በከባድ ጥረት ጊዜ ልብ የሚደርስበት ከፍተኛ ምት በየዓመቱ በአንድ ገደማ ይወርዳል። የወለቃ መንገድ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ሯጩ የሚፈራው ዳገቱን ነው፤ ጡንቻን የበለጠ የሚጎዳው ግን ቁልቁለቱ ነው፤ ሕመሙም የሚጠናው በዕለቱ ሳይሆን በማግስቱ ወይም በሠልስቱ ነው። ላዩ ሲነጣ ውስጡ ውሃ ያለው ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ በዚህ ዕድሜ ያለ ሯጭ የራሱን ጉንጭ ይፈልግ። ከአልጋ ሳይነሡ የልብ ምትን መቁጠር አንዱ ነው፤ ከወትሮው በብዙ ከፍ ካለ የዚያ ቀን ፈጣን ሩጫ ይቅር። ያለ ምክንያት መቆጣት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ደክሞ እንቅልፍ መንሣት፣ ደረጃ ሲወጡ ጭን መክበድም ምልክቶች ናቸው። ጠንካራ ልምምዶቹ በሰባት ቀን ውስጥ ካልገቡ በአሥር ቀን ይግቡ፤ ሳምንት ሰባት ቀን የሆነው ለጡንቻ ተብሎ አይደለም። በመሀል ያሉት ሩጫዎች እየተጫወቱ የሚሮጡ ይሁኑ። በዐቢይ ጾም ረጅሙን ሩጫ ማለዳ ሮጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ሰውነትን በመጠገኛው ሰዓት መጠገኛ ማሳጣት ነው፤ ወደ መብያው ሰዓት ቢጠጋ ወይም በዚያ ወቅት ቢያጥር ይሻላል እላለሁ። ፈርቶ ሁለትና ሦስት ሳምንት መተውም መፍትሔ አይደለም፤ የደረቀ ታች አዲስ ጭቃ አይቀበልም።

ዕድሜው አልፏል የሚሉትን አልሰማም። ማሞ ወልዴ በሜክሲኮ ኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ሲያጠልቅ 36 ዓመቱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ በ40 ዓመቱ ነሐስ ጨመረ። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2024 ለንደን ማራቶን ላይ በ41 ዓመቱ በ2:04:15 ሁለተኛ ወጣ። ወለቃ ራሷ ቤተ እስራኤላውያን ሸክላ ሲሠሩባት የኖረች መንደር ናት፤ እነሱ ወደ ሄዱበት እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1991 የተሻገረው አየለ ሰጠኝ እ.ኤ.አ. በ2008 የቤጂንግ ኦሎምፒክ ማራቶን ሲሮጥ፣ በመዝገብ ልደቱ 53 ዓመቱ ነበር። እነዚህ ሰዎች ኦሎምፒክ የደረሱ ሯጮች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚያስተምር ሰው ግን መቆሙም ከድካሙ ይቆጠርለት። የልምምድ ማስታወሻው ላይ ኪሎ ሜትሩን ብቻ ሳይሆን ሌሊቱን ለቅሶ ቤት ማደሩንም ይጻፍ።

ጥቂት ቀን አርፎ፣ በልቶ፣ ተኝቶ የማይለቅ ድካም ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ ስኳር፣ በሴቶች ላይ የወር አበባ መብዛት ወይም ሊቋረጥ ሲል የሚመጣው ለውጥ እንዲህ ያደክማሉ፤ በምርመራም ይታወቃሉ። ሲሮጡ ደረት ከተጫነ፣ ራስ ከዞረ ወይም ትንፋሽ ከልክ በላይ ካጠረ ሩጫውን እዚያው አቁሞ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው፤ ውድድሩ በሚቀጥለው ዓመትም ይኖራል።