ይዞ ስለ መልቀቅ

በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 ዓ.ም. በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው ሮበርት ቺዝማን የጣናን ባሕርና የዓባይን ወንዝ እየዞረ መረመረ፤ የአገሩንም ወፎች ሰበሰበ። ከዚያ አስቀድሞ በ1919 ዓ.ም. ከኢራቅ ለተገኘች አንዲት የበረሓ አይጥ የእንስሳት ሊቁ ኦልድፊልድ ቶማስ ስሟን በእርሱ ስም ሰይሟታል። በዚያ ዘመን የሊቃውንቱ ልማድ ፍጥረትን ገድሎ፥ ቆዳውን ገፎ፥ በመዝገብ ቤት ማኖር ነበረ።

ዛሬ ግን ሌላ መንገድ ተለምዷል። መርማሪው ማታ የብረት ሣጥኖችን በእርሻና በቁጥቋጦ ዳር ይደረድራል፤ በውስጣቸውም የለውዝ ቅቤ ያኖራል። አይጢቱ ስትገባ መዝጊያው ይከደንባታል፤ ሲነጋም ተመዝናና ምልክት ተደርጎባት ከተያዘችበት ስፍራ ትለቀቃለች። 20 አይጦች ምልክት ተደርጎባቸው ቢለቀቁ፥ ኋላም ከሚያዙት 20 ውስጥ 5ቱ ምልክት ያላቸው ቢሆኑ፥ በመካከሉ የሞተና የተሰደደ ከሌለ፥ የስፍራው አይጦች 80 ያህል ናቸው ተብሎ ይገመታል።

የዳንግላ ገበሬ ይህን ሰምቶ፦ «ጤፌንና ዳጉሳዬን የሚፈጀውን ጠላት ይዞ መልቀቅ ምን ዓይነት ጥበብ ነው?» ቢል አይፈረድበትም፤ ጎተራው የተበላበት እርሱ ነውና። ነገር ግን ከሣጥኑ የሚገባው ሁሉ እህል ሌባ አይደለም፤ ትላትልና ነፍሳት በልቶ የሚኖርም አለበት። በ1998 ዓ.ም. በአዋሽ ስም የተሰየመችው የአይጥ ዘር ግን በትግራይ እርሻ ላይ እህል ከሚያጠፉት አንዲቱ ናት፤ የምትበዛውም ዝናሙን ተከትላ ነው። ይህን ለይቶ ያወቀ ሰው የሚጠብቅበትን ወራት ያውቃል፤ ሳይለይ መርዝ የሚበትን ግን ጥፋተኛውንና ንጹሑን፥ አይጥ አዳኟን ጉጉት እንኳ ሳይቀር፥ ባንድ ፍርድ ይቀጣል። እንግዲህ መልቀቁ ለሌባው ምሕረት አይደለም፤ ከፍርድ በፊት የሚደረግ ምርመራ ነው እንጂ።

ሆኖም የመልቀቅ ሐሳብ ብቻውን ያዢውን አያነጻውም። በደጋ ሌሊት ብረቱ ይቀዘቅዛል፤ ፀሐይም ሲወጣ ይግላል። ነፍሳት በልታ የምትኖረው አፈ ሹል ትንሽ ፍጥረት ለጥቂት ሰዓት ምግብ ብታጣ ትሞታለች። ጸጉር በመሸለት ሊሆን የሚችለውን ምልክት ጣት በመቁረጥ ማድረግም ያለ ፍላጎት ማሠቃየት ነው። ስለዚህ ድርቆሽ ያላነጠፈ፥ ማልዶም ሣጥኑን ያልከፈተ ሰው፥ አልገደልሁም ቢል ቃሉ አይታመንለትም።

ገድሎ የሚያውቅ የዕውቀቱን ዋጋ ከፍጥረቱ ይወስዳል፤ ለቅቆ የሚያውቅ ግን ከገዛ እንቅልፉ ሊከፍል ይገባዋል።